አንድ ኪሎባይት ድምፅ

ለማከብርህና ለምትናፍቀኝ ባልደረባዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትክ? ጉሮሮህ እንዴት ነው? ቁስሉ ጠገገልህ? ሐኪሙ የቀየረልህ መድኃኒት ያቅለሸልሸዋል ብላ እህትህ በስልክ ነግራኝ ነበር፤ አሁንስ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ። ሳሉ ትቶኛል፤ ጉልበቴ ግን ደረጃ ባየ ቁጥር አሁንም ያኮርፋል። ቢሮው እንደተውከው ነው። የመቅጃ ክፍሉ በር በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም፤ ኮሪደሩ ላይ ጣሪያው ያፈስሳል፤ ዓይነ ስውራን አድማጮቻችንም በየቀኑ ይደውላሉ። «ያ ድምፁ የሚያምረው አንባቢ ቀጣዩን መጽሐፍ መቼ ነው የሚያነብልን?» ይሉኛል። እኔም «ዕረፍት ላይ ነው» እላቸዋለሁ። ማንቁርቱ በቀዶ ጥገና ወጥቷል፣ ከእንግዲህ አያነብም ብዬ ለመናገር አፌ አይላወስልኝም።

ባለፈው ስደውል እህትህ ስልኩን ጆሮህ ላይ አድርጋልህ «በይ አውሪው፣ ራሱን እየነቀነቀልሽ ነው» ስትለኝ፣ ያን ሁሉ ወሬ አጠራቅሜ የደወልኩት ሴትዮ «እዚያ ብርድ ነው?» ብዬ ዘጋሁት። ይቅር በለኝ። መልስ ከማይመጣበት ስልክ ጋር ማውራት ገና አልለመድኩም። በጽሑፍ ግን እኩል ነን፤ እንዲያውም የእጅ ጽሑፍህ ከኔ ይሻላል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ጥፋቴን ልናዘዝ ነው። ደግሞም በዚህ ሳምንት ያየሁትን ጉድ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትቆጣ ብቻ። ስትቆጣ ወረቀቱን አጣጥፈህ ኪስህ የመክተት አመል አለብህ፤ ይሄኛውን እስክትጨርሰው አታጣጥፈው።

ማክሰኞ ጠዋት ፎርማት መጣ። ራሰ በራውን የኮምፒውተር ባለሙያ መቼም አልረሳኸውም። ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ሆነ ስትለው «ፎርማት ይደረግ»፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ያኝካል ስትለው «ፎርማት ይደረግ»፤ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ከባዶ መጀመር ለእሱ የበሽታ ሁሉ መድኃኒት ነው። ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ፤ «ራሴን አመመኝ እንዳትዪው» ብለህ ያስጠነቀቅከኝም አንተው ነህ። ያን ቀን አዲስ አንቲቫይረስ ይዞ መጥቶ የመቅጃ ክፍሉን ኮምፒውተርና መጻሕፍቱ ሁሉ ያሉበትን ትልቁን ሃርድ ዲስክ ፈተሸ። ዲስኩ ላይ አሥራ ሰባት ቫይረስ አገኘ፣ አሥራ ሰባቱንም ደመሰሰ። ኃላፊያችን አጨበጨበ። እኔም ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አሁን በእጄ ያለው ሥራ ሆስፒታል ከመግባትህ በፊት በሦስት ወር ውስጥ እየተጣደፍክ ያነበብካቸው ሦስት መጻሕፍት ናቸው። ገጽ ሲገለበጥ የሚሰማውን ድምፅ አወጣለሁ፣ የተደጋገመውን ዓረፍተ ነገር እቆርጣለሁ፣ ሳልህን አወጣለሁ። በመጨረሻው መጽሐፍ ላይ ሳልህ ስለበዛ ሥራው አይገፋም። አለመግፋቱን ደግሞ አልጠላሁትም። ፎልደርህን ሁለቴ ነካ ነካ አደረግሁት። አልከፈትም አለ። የጠየቁት ፋይል አልተገኘም የሚል ጽሑፍ መጣብኝ። ደገምኩት። የሌሎቹን አንባቢዎች ፎልደር ሞከርኩ። አልተገኘም፣ አልተገኘም፣ አልተገኘም።

ክው አልኩ። ፎርማት ፊቴን አይቶ «ቅጂ የላችሁም እንዴ?» ሲለኝ ትንፋሼ መለስ አለ። ቅጂማ የኔ ኩራት አይደል! አርብ ከሰዓት የማደርገውን፣ አንተ «የአርብ ጸሎትሽን አደረስሽ ወይ?» እያልክ የምትቀልድብኝን ነገር ማለቴ ነው። ሦስቱን የቅጂ ዲስኮች ከቁም ሳጥኑ አወጣሁ፤ እያንዳንዱን በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው። የመጀመሪያውን ሰካሁ። ፎልደሮቹ በስም በስማቸው ተደርድረዋል። ነካሁ። አልተገኘም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ፎርማት ጎንበስ ብሎ የፎልደርህን መጠን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እቴ፣ ይሄ እኮ አንድ ኪሎባይት ነው» አለኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ንባብህ አንድ ኪሎባይት! ከግማሽ ገጽ ማስታወሻ የማይበልጥ ነገር።

ጥፋቴ የገባኝ ያኔ ነው። ድሮ ቅጂው ከምሳ በኋላ ተጀምሮ እስከ መውጫ ሰዓት ይቆይ ነበር። ከወራት ወዲህ ግን ገና ከወንበሬ ሳልነሣ ያልቅ ጀመር። እኔም አዲሱ ገመድ ፈጣን ነው ብዬ፣ ገመዱን የገዛልንን ሰው በስብሰባ ላይ ተነሥቼ አመስግኜዋለሁ! ሥርዓቴን ደግሞ ታውቀዋለህ፤ አዲሱን ከመጫኔ በፊት አሮጌውን አጠፋለሁ። ስለዚህ እውነተኛውን ቅጂ በሦስት አርቦች በገዛ እጄ አጥፍቼ በምትኩ አንድ አንድ ኪሎባይት አስቀምጫለሁ ማለት ነው፤ ያውም በጨርቅ ጠቅልዬ። መጽሐፍ ጭነን ለአድማጮች የምናውሰው ሚሞሪ ካርድስ ብትለኝ፣ ካርዱ ሲመለስ አጥፍተን ሌላ መጽሐፍ እንጭንበታለን፤ ቢሰበሰብ ከአራት መጽሐፍ አያልፍም። የመጨረሻዎቹ ሦስት መጻሕፍትህ ደግሞ ከዚያ ዲስክ በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም።

ኃላፊያችን አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ሰው ነው። ክፉ አይደለም። ሰዓቱን አየና «እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ ዲስኩ ፎርማት ይደረግ፤ አንባቢውም ይጠራና እንደገና ያንብብ» አለ። ፎርማት ጫማውን ያያል። እንደገና ያንብብ! ዲስኩን ከገመዱ ነቅዬ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። አርባ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል፤ በሰው ሁሉ ፊት ዲስክ አቅፌ አለቀስኩ።

ያኔ ከጥግ በኩል ወንበር ተንቀሳቀሰ። እትዬ መዝገብ ናቸው። መቼም ሲቀመጡ መኖራቸው እንኳ አይታወቅም። ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አያይም፤ የመጻሕፍቱን ካታሎግ የሚይዙት ስክሪኑን ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ፕሮግራም በጆሮ ማዳመጫቸው እየነገራቸው ነው። ነገሩን ሁሉ ተቀምጠው ሰምተውታል። «ልጄ፣ እሱን ማቀፉን ተዪውና ወዲህ አምጪው» አሉኝ። ጆሮ ማዳመጫቸውን ነቅለው ድምፁን በስፒከር ለቀቁት። ያ ስሜት የሌለው የማሽን ድምፅ ዲስኩን ማንበብ ጀመረ። የተያዘ ቦታ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊጋባይት አለ። እትዬ መዝገብ ፈገግ አሉ። «ሰማችሁ? ባዶ ቢሆን ይህን ሁሉ ቦታ ማን ያዘው? አለ፤ እኛ አላየነውም እንጂ» አሉ።

ቀጥለው ወደ ፎልደሮቹ ወረዱ። ማሽኑ ስምህን ጠራ፤ ከዚያ «ዓይነት፣ ሾርትከት፤ መጠን፣ አንድ ኪሎባይት» አለ። የሌላውን አንባቢ ስም ጠራ፤ ሾርትከት፣ አንድ ኪሎባይት። እትዬ መዝገብ ወደኔ ዞረው «ስንት ጊዜ ነገርኩሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከወራት በፊት «ይሄ ማሽን ከየፎልደሩ ኋላ ሾርትከት፣ ሾርትከት ይለኛል፤ ምን ነካክታችኋል?» ብለውኝ፣ እኔ «እትዬ፣ የእርስዎ ማሽን ደግሞ ወሬ ይወዳል» ብዬ ስቄ አልፌያለሁ። ዓይን ያለን ስምንት ሰዎች በየቀኑ ያንን እናያለን። ቢጫ ፎልደር ነው፣ ስሙም ልክ ነው፣ በቃ። ከግርጌው ያለችውን ትንሽ ቀስት ማንም ልብ አላላትም። ለእሳቸው ግን ሥዕሉ የለም፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ብቻ ነው የሚነገራቸው። እኛን ለማታለል የተሳለው ሥዕል እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ምንም አልሠራም። ይህን ሳስብ አሁንም እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ።

ሾርትከት ፎልደሩ ራሱ አይደለም፤ ወደ ፎልደሩ የሚያደርስ ምልክት ነው። በራሱ ክፋት የለውም፤ የሁላችንም ኮምፒውተር ላይ ሞልቷል። እትዬ መዝገብ ግን «ማንም ንክች እንዳያደርገው» ብለው፣ ሳይከፍቱት ስለ ራሱ የሚናገርበትን ገጽ አወጡ። መድረሻው የተጻፈበትን መስመር ማሽኑ እንዲያነብ አዘዙት። አንድ አጭር አድራሻ ሊሆን የሚገባው መስመር ማለቂያ የሌለው ትእዛዝ ሆኖ ተገኘ። ማሽኑ ፊደል በፊደል አነበበው። ፎርማት ወረቀት አውጥቶ እየጻፈ ተረጎመልን። ትእዛዙ በአጭሩ እንዲህ ይላል፤ ማንም ሳያይህ ተነሥ፣ በተደበቀ ስፍራ ያለውን ፕሮግራም አስነሣ፣ ስትጨርስ ለሰውየው የጠየቀውን እውነተኛ ፎልደር ክፈትለት።

ፀጉሬን ያቆመው ይሄ የመጨረሻው ነው። የባለቤቱን ኮት ለብሶ በር ላይ የቆመ ሰው አስብ። ስትመጣ ኪስህን ሁሉ ይዳብስሃል፤ ከዚያ እጅ ነሥቶ ወደፈለግከው ክፍል ያስገባሃል። የፈለግከውን ስላገኘህ ምን ብለህ ትጠረጥራለህ? አሥር ወር ሙሉ በየጠዋቱ አንተን ለመስማት ስገባ በዚያ ሰው እጅ ነው ያለፍኩት። ማክሰኞ ፎርማት ከደመሰሳቸው ከአሥራ ሰባቱ አንዱ ያ የተደበቀ ፕሮግራም ነበር። ሾርትከቱ የሚያስነሣው ስላጣ እዚያው ተሰናክሎ ቀረ፤ እኛም ሁሉ ነገር የጠፋ መሰለን። ፋይሎቹ ግን ከቦታቸው ፍንክች አላሉም። የተደበቁ ናቸው፣ የኮምፒውተሩ የራሱ ንብረት ናቸው፣ ለሰው አይታዩም የሚል ምልክት ብቻ ነው የተለጠፈባቸው። አርብ አርብ እኔ ጎትቼ የማስቀምጠው ሾርትከቱን ነበር፤ አንተ ከሥሩ ተደብቀህ ቁጭ ብለሃል።

የሠራውን ሰው ልረግመው ተነሥቼ መጀመሪያ ተገረምኩ። የት አገር እንደሚኖር አላውቅም፤ እሱም እኛን አያውቅም። መቸኮላችንን ግን አሳምሮ ያውቃል። የለመድነው ነገር ከተከፈተልን በምን በኩል ተከፈተ ብለን እንደማንጠይቅ ያውቃል። ይሄ ሁሉ እውቀት በአንዲት ኪሎባይት! እርግማኑን ከዚያ በኋላ አደረስኩለት፤ አልማርኩትም።

ማጽዳቱ ረቡዕን ሙሉ ወሰደ። እትዬ መዝገብ «ዲስኩን ብቻ ብናጸዳ ኮምፒውተሩ መልሶ ይበክለዋል» አሉና መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ገመድ አስነቀሉ፤ የተሰካ ፍላሽ ሁሉ ወጣ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ውስጥ በጓዳ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አንድ በአንድ አስነበቡ። የዲስኩ ቢደመሰስም መንትያው እዚያ ስሙን ቀይሮ ይሠራ ነበር። አስቆሙት፣ ከነፋይሉ አጠፉት። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮት እንዲነሣ ራሱን ካስመዘገበበት ዝርዝር ሰረዙት። ፎርማት «አለቀ» ሲል «ቆይ ልጄ፣ ይሄማ ሲሞት የሚቀሰቅሰው ሳያዘጋጅ አይቀርም» አሉት፤ ሲፈለግ በየግማሽ ሰዓቱ መልሶ የሚያስነሣው ቀጠሮ ተገኘ። እሱም ተነቀለ። አንቲቫይረሱ እንደገና ሁሉንም ፈተሸ። ምንም ሳይገኝ ሲቀር ነው ዲስኩን ለመሰካት የፈቀዱት።

በመጨረሻ ምልክቱን ከሁሉም ፋይል ላይ የምታነሣ አንዲት የትእዛዝ መስመር ቀረች። ፎርማት ጻፋት። እትዬ መዝገብ የዲስኩ መለያ ፊደል ልክ መሆኑን ሁለቴ ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው አደረጉ፤ ከዚያ «በል» አሉት። ትእዛዙ የተጻፈበት ጥቁር መስኮት ዝም አለ። እኔ የበሩን እጀታ ይዣለሁ። ዝምታው ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ለኔ ግን ቀዶ ጥገናህ እስኪያልቅ ኮሪደር ላይ የተቀመጥኩትን ያህል ረዘመብኝ።

ከዚያ ማሽኑ መናገር ጀመረ። ስምህን ጠራና «ፎልደር» አለ። ሌላውን ስም ጠራና «ፎልደር» አለ። ሾርትከት አላለም! ይህን ቃል እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም። ሐሰተኞቹን ሰርዘን ያንተን ከፈትኩት። ሁሉም አለ። አርባ ሁለቱም መጻሕፍት አሉ። የመጨረሻውን አስነሣሁት፤ ድምፅህ ክፍሉን ሞላው፤ ሳልክ፣ «ይቅርታ፣ ይሄን ቁረጪው» አልክና ቀጠልክ። ፎርማት ሲያለቅስ አየሁት ብልህ ታምነኛለህ? «በሥራ ዘመኔ ሳላጠፋ ያዳንኩት የመጀመሪያው ዲስክ ነው» አለ። ኃላፊያችን መነጽሩን አውልቆ «አንባቢው ይሄ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ መዝገብ ያንተን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገሩት። ማታ ሲወጣ መንገድ ላይ ጠብቆ ይቅርታ ጠየቀኝ።

አሁን ኑዛዜዬ። ፕሮግራሙ ኮምፒውተራችን ላይ የሰፈረበትን ቀን እትዬ መዝገብ ሲያስነብቡት ቀኑን አወቅሁት። ሆስፒታል በገባህ ማግስት ነው። ያን ቀን ሁላችንም በመቅጃ ክፍሉ በር ላይ የተነሣነውን ፎቶ ራስጌህ እንዲቆምልህ ብዬ በፍላሽ ይዤ ሆስፒታሉ አጠገብ ወዳለው ማተሚያ ቤት ሮጥኩ። እዚያ የሰው ሁሉ ፍላሽ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ፎቶውን አሳትሜ ስመለስ ፍላሹን ሳላስፈትሽ እኛ ጋ ሰካሁት። ያመጣሁት እኔ ነኝ ወዳጄ፤ ያባዛሁትም እኔ ነኝ። የይለፍ ቃሎቻችንን ሁሉ ቀይረናል፤ አድማጮችም ካርዶቻቸውን እንዲመልሱ እየደወልን ነው፤ ሌላም ቦታ አዛምቼው እንደሆነ እንጃ። ፎቶውን ግን እንዳትጥለው፤ ወረቀት ላይ ቫይረስ የለም።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ግን ያቺ መስመር የተደበቀውን ሁሉ አውጪ ተብላ ታዝዛ የለ? ሁሉንም አወጣች። ያንተ ፎልደር ውስጥ፣ ከመጻሕፍቱ ሁሉ በታች፣ ካታሎጉ ላይ የሌለ አንድ ፎልደር ተገኘ። «የማይክ ሙከራ» ይላል። እትዬ መዝገብ ቀኖቹን አስነብበው ጥቂት አሰቡና «ይሄን የደበቀው ቫይረሱ አይደለም፤ ቫይረሱ የሚሠራው ላይ ላዩን ነው፣ እዚህ ውስጥ ድረስ አልገባም። ይሄን የደበቀው ሰው ነው» አሉ። ፎርማት መቼ ጠብቆ! የመጀመሪያውን ነካው፤ ድምፅህ በስፒከሩ ወጣ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ውኃ ልታመጣልኝ ወጣች። እስክትመለስ አራት ደቂቃ አለኝ» አልክ። ቀጥለህ ስሜን ጠራህ። የእትዬ መዝገብ ጣት ማቆሚያውን ለመምታት ከማንኛችንም ዓይን ፈጠነ። «ይሄ ካታሎግ ውስጥ አይገባም። የአንቺ ነው» አሉኝ። ኃላፊያችን ወዲያው የሚደውልበት ስልክ ትዝ አለው፤ ፎርማት ኮሪደሩ ላይ የሚያፈስሰውን ጣሪያ ሊያይ ወጣ። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ደግሞም ብትውጠኝ ኖሮ አልምራትም ነበር።

አርባ ሁለት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ። ሐሙስ ከሰዓት ፈቃድ ወስጄ መቅጃ ክፍሉ ውስጥ ያንተ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ሰማሁ። የሚሉትን እዚህ አልጽፍም፤ አንተ ታውቀዋለህ፣ እህትህም ፖስታ ቀድማ የመክፈት ልማድ አላት፤ በዚሁ ሰላም በልልኝ። ብቻ በጣም ተናድጄብሃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት! በመካከላችን የነበረው እኮ የመቅጃ ክፍሉ መስታወት ብቻ ነው። አንኳኩተህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ማይክ ፊት ሌላውን ሁሉ አሳምረህ የምታነብ ሰው ይህቺን ለኔ ማንበብ አቅቶህ ትደብቃለህ?

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። የውኃው ማሽን ከመቅጃ ክፍሉ በር ሁለት እርምጃ ነው። ብርጭቆ ለመሙላት ከግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አራት ደቂቃ ሙሉ እዚያ ቆሜ ምን እሠራ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አልገረመህም?

የመጨረሻው ሙከራ ከሁሉም ያጥራል። ሆስፒታል ልትገባ በዋዜማው የተቀዳው ነው። አንድ ጥያቄ ትጠይቃለህ፤ ከዚያ በር ሲከፈት ይሰማል። የገባሁት እኔ ነኝ። «ዝግጁ ነህ?» ስልህ ይሰማል። «ዝግጁ ነኝ» ብለህ ከቆምክበት ገጽ ማንበብ ቀጠልክ። ይህን ስሰማ ያደረግሁትን አልነግርህም። አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቼ አልተውኩትም ብቻ ልበልህ።

ለጥያቄህ መልሱን በስልክ አልሰጥም፣ በደብዳቤም አልሰጥም። የዓመት ፈቃዴን ጠይቄያለሁ፤ ኃላፊያችን ስንት ቀን እንደምፈልግ ሳይጠይቀኝ ፈረመልኝ። ሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ እናንተ እነሣለሁ። አንተ ምንም መናገር አይጠበቅብህም፤ ተናግረህ ጨርሰሃል። አሁን ተራው የኔ ነው።

እስከዚያው ጉሮሮህን ከብርድ፣ ልብህን ከሥጋት ይጠብቅልኝ። እንቅልፍህ የሰላም ይሁን፤ የምትውጠው ሁሉ ይስማማህ፤ እጅህም ከእርሳስ አይለይ፤ የምትጽፍልኝ ብዙ አለና። እህትህን ደግሞ እንግዳ ይመጣል ብለህ እንዳታስጨንቃት። እንግዳ አይደለሁም።

ያንተው